መንገድ የከዳው ምግብ ቤት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ስለ አንድ ነጋዴ ሕይወት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ብዙ ስም በልቡናዬ ተመላለሰ። ፋብሪካ ያቆሙ፥ መርከብ ያሠሩ፥ ባንክ የከፈቱ ሰዎች ነበሩበት። በመጨረሻ የመረጥሁት ግን ዶሮ እየጠበሰ ሲሸጥ የኖረ አንድ የአሜሪካን አገር ሰው ነው። ይህንኑ ለአንድ ወዳጄ ብነግረው፥ «ተማሪዎቹን ወጥ ቤት ልታስገባቸው ነው ወይ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ወጥ ቤት ላስገባችሁ ነው።

ሰውየው ሃርላንድ ሳንደርስ ይባላል። ሥዕሉን ያላያችሁ ጥቂቶች ናችሁ፤ ነጭ ልብስ የለበሰ፥ ነጭ ጺም ያለው፥ በአንገቱ ቀጭን ጥቁር ክራባት ያሰረ ሽማግሌ ነው። በኬንታኪ ግዛት ስም የሚጠሩት የዶሮ ምግብ ቤቶች ምልክታቸው እርሱ ነው። ብዙ ሰው ይህ መልክ ለማስታወቂያ ሲባል የተፈጠረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በእውነት የኖረ፥ ብዙ ጊዜም የከሰረ ሰው ነው።

የተወለደው በ1890 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እናገራለሁ። አገሩ ኢንዲያና በተባለው ግዛት ሄንሪቪል የምትባል ትንሽ ቦታ ናት። አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። እናቱም ልጆችዋን ለማሳደግ ቲማቲም በቆርቆሮ በሚታሸግበት ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራ ስለ ነበረች፥ ታናናሾቹን የመጠበቅና የመመገብ ሥራ በዚህ ሕፃን ትከሻ ላይ ወደቀ። በሰባት ዓመቱ ዳቦ መጋገርና አትክልት ማብሰል ዐወቀ። ሌሎች ልጆች በሜዳ ሲጫወቱ እርሱ ምድጃ አጠገብ ነበረ።

ስለ ትምህርቱ አንድ የማያስመሰግን ነገር ልነግራችሁ ይገባኛል፤ ብደብቀውም ነገ ራሳችሁ አንብባችሁ ታገኙታላችሁ። እናቱ ሌላ ባል ካገባች በኋላ፥ በ1903 ዓ.ም. ገና ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ለምን እንደ ተወ ሲጠየቅም ጥፋቱን በአልጀብራ ላይ ይጥል ነበረ። ከኋላ በኩል የምትስቁት እነማን እንደ ሆናችሁ የሒሳብ መምህራችሁ ያውቃሉ! ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ አልጀብራው እመለሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ሥራ ጥቂት ነው። ዕድሜውን ጨምሮ ተናግሮ ወታደር ሆነና ወደ ኩባ ተላከ፤ በባቡር ላይ እሳት ቆስቋሽ ሆነ፤ ሕግ በደብዳቤ ትምህርት ተምሮ በሊትል ሮክ ከተማ በታናናሽ ችሎቶች ጥብቅና ቆመ። ነገር ግን በችሎት አዳራሽ ውስጥ ከራሱ ደንበኛ ጋር ስለ ተደባደበ ጥብቅናው በዚያው ቀረ። ኢንሹራንስ ሸጠ። በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግር የመርከብ ድርጅት አቋቁሞ ተጠቀመ፤ ያገኘውን ገንዘብ ግን በአሴቲሊን ጋዝ በሚበራ መብራት ንግድ ላይ ቢያውለው የኤሌክትሪክ መብራት መጥቶ አከሰረው። የመኪና ጎማ እየዞረ ሸጠ። ቤንዚን ማደያ ያዘ፤ እርሱም በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ተዘጋ። እንዲህ ሲል ዕድሜው አርባ ዓመት ሞላ።

በ1930 ዓ.ም. የሼል ኩባንያ በኬንታኪ ግዛት፥ ኮርቢን ከምትባል ከተማ አጠገብ፥ በአውራ ጎዳና ዳር ያለ ማደያ ያለ ኪራይ ሰጠው፤ ከሽያጩ ድርሻ ሊከፍል ተስማማ። ቤንዚን ሊቀዱ የሚቆሙት መንገደኞች ይርባቸው ነበረ። ሳንደርስ ደግሞ ምግብ ቤት አልነበረውም። የነበረው ከማደያው ጋር የተያያዘ መኖሪያ ቤትና በውስጡ ቤተ ሰቡ የሚበላበት አንድ ገበታ ነው። መንገደኞቹን በዚያ ገበታ ላይ አስቀምጦ ማብላት ጀመረ።

ከሰውየው ሕይወት ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ገበታ ነው። ዛሬ ምግብ ቤት ልክፈት የሚል ወጣት አስቀድሞ ስለ ወንበሩና ስለ መስታወቱ፥ ቀጥሎ ስለ ሙዚቃው፥ በመጨረሻ ጊዜ ሲተርፈው ስለ ወጥ ቤቱ ያስባል። ሳንደርስ የጀመረው ከወጥ ቤቱ ነው፤ ሌላ የሚጀምርበት ነገርም አልነበረውም። ለእንግዳው ያቀረበው ምግብ ለቤተ ሰቡ የሚያቀርበውን ያንኑ ነበረና፥ የቤቱ ወሬ በመንገደኞች አፍ ከከተማ ወደ ከተማ ተሰማ። ማደያው ቀስ በቀስ ምግብ ቤት ሆነ። በ1935 ዓ.ም. የኬንታኪ አገረ ገዥ «ኮሎኔል» የሚለውን የክብር ስም ሰጡት። ይህ ስም በጦር ሜዳ የሚገኝ ማዕርግ አይደለም፤ ግዛቲቱ ለወደደቻቸው ሰዎች የምትሰጠው ነው። በ1939 ዓ.ም. ምግብ ቤቱን እሳት በላው፤ እርሱ ግን 140 ወንበር የሚይዝ አድርጎ እንደ ገና ሠራው።

በዚያው ዓመት ገደማ ሥራውን የለወጠ አንድ ዕቃ ገዛ። ዶሮ በብረት መጥበሻ ሲጠበስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መንገደኛ ደግሞ አይጠብቅም። አስቀድሞ ጠብሶ ማስቀመጥ ይቻል ነበረ፤ ነገር ግን የቀዘቀዘና የደረቀ ዶሮ ለሰው ማቅረብን ይጠላ ነበረ። በብዙ ዘይት ውስጥ ነክሮ መጥበስም ይቻል ነበረ፤ ጣዕሙን አልወደደውም። በዚህ መካከል ክዳኑ ጠብቆ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት፥ ዛሬ በየቤታችን የሚያፏጨው ማለቴ ነው፥ በገበያ ላይ ዋለ። የተሠራው ለአትክልት ነው። ሳንደርስ ዘይት ጨምሮ ዶሮ ጠበሰበት፤ ዘይቱን፥ ሙቀቱንና ደቂቃውን እየለዋወጠ ብዙ ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ በመጥበሻ የተጠበሰውን የሚመስል ዶሮ እጅግ ባነሰ ጊዜ አወጣ። ዐሥራ አንዱን ቅመምም የወሰነው በዚሁ ዘመን ነው። እናቶቻችን ዶሮን ዐሥራ ሁለት ብልት አድርገው ሲያወጡ በአንዱ ብልት ስማቸው እንደሚነሣ ያውቃሉ፤ የዚህም ሰው ጭንቀት ከዚያ የራቀ አልነበረም። ትምህርቱን በልጅነቱ የተወው ሰው በጐለመሰ ዕድሜው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴልና የምግብ ቤት አስተዳደር አጭር ትምህርት መከታተሉንም ሳላነሣ አላልፍም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ከዳው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለምግብ ቤቱና ለማረፊያ ክፍሎቹ 164,000 ዶላር የሚሰጥ ገዥ መጥቶለት አልሸጥም ብሎ ነበረ። ጥቂት ቆይቶ መንግሥት ታላቅ አውራ ጎዳና ሊዘረጋ መሆኑ ተሰማ፤ አዲሱም መንገድ ኮርቢንን ወደ ጎን ትቶ የሚያልፍ ሆነ። ምግቡ አልተበላሸም፤ አሽከሮቹ አልሰነፉም፤ ሰውየውም አልበደለም። መንገደኛው ብቻ በሌላ በኩል አለፈ። በ1956 ዓ.ም. ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ 75,000 ዶላር አወጣ፤ እርሱም ዕዳ መክፈያ ሆነ። ለሳንደርስ የቀረለት በወር 105 ዶላር የጡረታ አበል ነበረ። ዕድሜው ስድሳ ስድስት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ሐራጁ ቤቱን፥ ወንበሩን፥ ምድጃውን ወሰደ። ዶሮ እንዴት እንደሚጠበስ ግን ሐራጅ ሊሸጠው አልቻለም። ሳንደርስ ከዚህ በፊት በ1952 ዓ.ም. በሶልት ሌክ ከተማ ምግብ ቤት ለነበረው ፒት ሃርማን ለተባለ ወዳጁ አጠባበሱን አስተምሮት፥ የሃርማን ገበያ እጅግ ደርቶ ነበረ። ያን ጊዜ እንደ ትርፍ ነገር ያየው ሥራ አሁን ብቸኛው መተዳደሪያው ሆነ። ድስቱንና ቅመሙን በመኪናው ጭኖ ከግዛት ወደ ግዛት መዞር ጀመረ። ወደ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ለባለቤቱና ለሠራተኞቹ ዶሮ ይጠብስላቸዋል፤ ከወደዱት እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ በአጠባበሱና በስሙ እየተጠቀመ በየአንዳንዱ ዶሮ አራት ሳንቲም ይከፍለዋል። ይህ ዛሬ በንግድ ትምህርት ፍራንቻይዝ የምትሉት ነው። ማታ ማታ በመኪናው ውስጥ ይተኛ ነበረ። ሚስቱ ክላውዲያ ደግሞ በቤት ቅመሙን እየቀላቀለችና እያሸገች ለየምግብ ቤቱ ትልክ ነበረች፤ ስለ እርስዋ ብዙ ባይጻፍም ያለ እርስዋ ሥራው ባልተሠራም ነበረ።

ስለዚህ ጕዞ ሲወራ «1009 ጊዜ እንቢ ተብሎ በ1010ኛው ተሳካለት» የሚል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። እንቢ ማለቱስ ብዙ ሰው እንቢ ብሎታል፤ ነገር ግን በመኪና ውስጥ የሚያድር ሽማግሌ እንቢታን አንድ በአንድ በመዝገብ ሲጽፍ አይታየኝም። ይህን የሚያወሩት ተማሪን ለማበርታት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያበረታኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን፥ በየደረሰበት ሁሉ በአፉ ከመናገሩ በፊት ዶሮውን መጥበሱ ነው።

በ1964 ዓ.ም. ከ600 የሚበልጡ ምግብ ቤቶች በስሙ ይሠሩ ነበረ። አንድ የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ይህን ሁሉ ሊቈጣጠር አልቻለም። ጆን ብራውን የተባለ ወጣት ጠበቃና ጃክ ማሲ የተባለ ባለ ገንዘብ መጥተው ኩባንያውን በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ሳንደርስ የካናዳውን ሥራ ለራሱ አስቀረ፤ መልኩና ስሙ ግን የኩባንያው ሆነ፤ እርሱም ደመወዝ እየተከፈለው እየዞረ የሚያስተዋውቅ ሆነ። ይኸው ኩባንያ በ1971 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ ሲሸጥ 285 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

አሁን ወደ አልጀብራው ተመልሻለሁ። ሻጩ ከአልጀብራ የሸሸ ሰው ነበረ፤ ከገዥዎቹ አንዱ ሕግ የተማረ ወጣት፥ ሌላው በገንዘብ ሥራ የተፈተነ ሰው ነበረ። የቀረውን ሒሳብ እናንተ አስሉት።

ሆኖም እኔ የማዝንለት ስለ ገንዘቡ አይደለም። 2 ሚሊዮን ዶላር በመኪና ውስጥ ላደረ ሰው ብዙ ነው። የማዝንለት ከገንዘቡ ጋር ሌላ ነገር አብሮ ስለ ሸጠ ነው፤ ይኸውም «ይህ መረቅ አልተስማማኝም፤ ድፉት» ብሎ የማዘዝ መብቱን ነው። ዶሮው የሚቀርበው ከመረቅ ጋር ነበረ፤ መረቁንም ሲሠራ ብዙ ይደክምበት ነበረ። አዲሶቹ ባለቤቶች ሥራው እንዲቀልና ወጪው እንዲያንስ አሠራሩን ለወጡት። በንግድ ሒሳብ ብናየው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሺህ የሚቈጠሩ ምግብ ቤቶች አንድ ሽማግሌ በማንኪያ እየቀመሰ አይመሩም። ሳንደርስ ግን ሳይነግር ወደ ምግብ ቤቶቹ ይገባና ወጥ ቤት ድረስ ዘልቆ መረቁን ይቀምስ ነበረ፤ ያልወደደውንም እየተሳደበ ይጥል ነበረ። በፊቱ ላይ የተሳለው ፈገግታ በዚያን ሰዓት አልነበረም።

የኋላ ኋላ በራሱ ሥዕል የሚነግዱትን ሰዎች መረቅ በጋዜጣ ነቀፈ፤ ወረቀት በግድግዳ ላይ ከሚለጠፍበት ሙጫ ጋር አመሳሰለው። በኬንታኪ ግዛት ቦውሊንግ ግሪን በምትባል ከተማ የሚገኘው ምግብ ቤት ስሜን አጠፋ ብሎ ከሰሰው። አስቡት እንግዲህ፤ የገዛ መልኩ በበሩ ላይ የተሰቀለበት ቤት ከሳሽ፥ እርሱ ተከሳሽ ሆነው ቆሙ! ክሱ እስከ ግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ፍርድ ቤቱም ነቀፋው በአጠቃላይ የተነገረ እንጂ በዚያ አንድ ቤት ላይ የተነጣጠረ አይደለም አለ። ሳንደርስ በዚያ ዓመት ሰማንያ ስምንት ሞላው፤ ነቀፋውንም አልተወም።

ነጩን ልብስ በተመለከተ ምክንያቱን ሳልነግራችሁ እንዳልወርድ። ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ነጭ ልብስ የዱቄትን እድፍ እንደሚሰውር ዐውቆ ነበረ። በታኅሣሥ ወር 1980 ዓ.ም. በዘጠና ዓመቱ በሉዊቪል ከተማ ሲሞት፥ አስከሬኑ በኬንታኪ ምክር ቤት አዳራሽ በክብር ተቀምጦ ሕዝብ ተሰናበተው። የተቀበረውም ያንኑ ነጭ ልብሱን ለብሶ፥ ቀጭኑን ጥቁር ክራባት አስሮ ነው።