መኪናው ለምን ወደ ቀድሞ ቀለሙ ተመለሰ?

በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አልቀረም። በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ መምህር በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ስላለ መኪና ቀለም ሊናገር መድረክ ላይ ሲወጣ መገረም ተገቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በቢሮዬ ነው። በማስተምረው የኮምፒውተር መረብ ትምህርት የአጋማሽ ፈተና የወደቀ አንድ ተማሪ አስጠርቼ ምክንያቱን ጠየቅሁት። ሌሊቱን በጨዋታ ሰርቨር ላይ እንደሚያሳልፍ ሳይደብቅ ነገረኝ። ገሠጽሁት። አንገቱን ደፍቶ ከሰማኝ በኋላ ግን፣ «ዶክተር፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መኪናውን እንደ ከተማችን ታክሲ ሰማያዊና ነጭ ቀባሁት፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ አዩት። ተቃጥሎ እንደገና ሲመጣ ግን የድሮ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ለምንድን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበው «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ነው። ሲሠራ በበይነ መረብ ብዙ ሰው በአንድነት እንዲጫወተው የታሰበ አልነበረም። ይህን የጨመሩለት «ሳን አንድሪያስ መልቲፕሌየር» እና «መልቲ ቴፍት ኦቶ» የተባሉት የአድናቂዎች ሥራዎች ናቸው። በመጀመሪያው የሰርቨሩ ባለቤት የጨዋታውን ሕግ የሚጽፈው ፓውን በተባለ ቋንቋ ሲሆን፣ በሁለተኛው ደግሞ ሉዋ በተባለው ነው።

በፓውን የመኪና ቀለም የሚለወጠው በአንድ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሦስት ቁጥሮችን ይቀበላል፤ የመኪናውን መለያ፣ የመጀመሪያውን ቀለምና ሁለተኛውን ቀለም። የቀለም ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል፤ 0 ጥቁር ነው፣ 1 ነጭ ነው። ሰርቨሩ ለተጫዋቾች የሚልከው ሥዕል አይደለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ቁጥሩን ተቀብሎ ከቀለም ሰንጠረዡ ላይ ያመሳክርና መኪናውን ራሱ ይቀባል። ስለዚህ አንድ ቀለም ለማስተላለፍ አንድ ባይት ይበቃል። በ«መልቲ ቴፍት ኦቶ» ግን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በየራሱ ስለሚሰጥ 16,777,216 ቀለሞችን መግለጽ ይቻላል፤ ዋጋውም ለአንድ ቀለም ሦስት ባይት ነው። ቁጠባንና ምርጫን ማመዛዘን በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የምናስተምረው ነገር ነው።

ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። በማግስቱ ኮዱን ይዞ መጣና አብረን አየነው። መኪናው መጀመሪያ ሲፈጠር ሁለት ቀለሞች ተመዝግበውለታል። የቀለም መለወጫው ትእዛዝ አሁን በመንገድ ላይ ያለውን መኪና ይቀባል እንጂ ያንን የመጀመሪያ መዝገብ አይነካም። መኪናው ሲወድም ወይም ሰው ሳይነዳው ቆይቶ ወደ መነሻ ቦታው ሲመለስ፣ ሰርቨሩ እንደገና የሚያወጣው ከመዝገቡ ነው። ነገሩን ለመረዳት ጋራዥና ሊብሬን ማሰብ ይበቃል። ባለ ጋራዡ አካሉን ቀባው፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም ግን አልተለወጠም።

መፍትሔውን ያገኘው እርሱ ነው። የመኪናዎቹን ቀለም የሚይዝ የራሱን ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ሰርቨሩ የሚይዘው ቢበዛ 2,000 መኪና ነው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ቀለም፣ ለእያንዳንዱ ቀለም በፓውን አራት ባይት፤ በድምሩ 16,000 ባይት። መኪና እንደገና በወጣ ቁጥር ስክሪፕቱ ከሰንጠረዡ አንብቦ ዳግመኛ ይቀባዋል። ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ችግር ይዞ መጣ፤ አዲስ የተፈጠረ መኪና ያልታዘዘለትን ቀለም ለብሶ ተገኘ። የጠፋው መኪና መለያ ቁጥር ለአዲሱ ተሰጥቶ ነበር። የሞተው መኪና ሊብሬ ሳይሰረዝ ለሌላ ተላልፏል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነበር፦ ማንን እንመን? ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ ካለው የማስዋቢያ ጋራዥ ሲወጣ ኮምፒውተሩ «ቀለሜ ይህ ነው» ብሎ ለሰርቨሩ ይናገራል። በማጭበርበሪያ ፕሮግራምም እንዲሁ ሊል ይችላል። ስክሪፕቱ እዚህ ላይ 1 ብሎ ቢመልስ ለውጡ ይጸናል፤ 0 ብሎ ቢመልስ ይከለከላል። የጋራ እውነት እንዲኖር አንድ ዳኛ ያስፈልጋል፤ ዳኛውም ባለጉዳዩ ራሱ ሊሆን አይገባም። ይህ መርሕ ከጨዋታ ውጭም ይሠራል፤ በስልክ ገንዘብ ስናስተላልፍ ቀሪ ሂሳባችንን የሚወስነው በእጃችን ያለው መተግበሪያ ሳይሆን የባንኩ መዝገብ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ያ ተማሪ በአጋማሽ ፈተናው ባዶ ትቶት ያለፈው ጥያቄ «በአንድ ሥርዓት ውስጥ በተከማቸ ሁኔታና በሚታየው ገጽታ መካከል ያለውን ልዩነት አብራራ» የሚል ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው አፈርሁ። ልጁ ይህን ልዩነት በፊቴ ቆሞ፣ ስለ ታክሲ ቀለም እየተናገረ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ በተሻለ አብራርቶልኛል። ያላወቀው ነገር ቢኖር የጥያቄውን ቋንቋ ነበር። እኔም ያን ሁሉ ዓመት የለካሁት ዕውቀትን ነው ወይስ የቃላት ትውስታን?

ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነበር ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ መጫወቱን ዛሬም አልደግፍም፤ ስሙን የማያውቁት ነገር ለሌላ ለማስተላለፍ ያስቸግራልና የሙያውን ቋንቋም መማር ነበረበት። ውጤቱንም አልቀየርሁለትም፤ ደንቡ አይፈቅድም ነበር። ፈተናውን ግን ቀየርሁ። ከዚያ ወዲህ ከፈተናዬ ግማሹ የተበላሸ ፕሮግራም ሰጥቶ «ለምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቅ ሆኗል።

የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ተማሪ ጊዜ የሚያባክንበትን ነገር ከማውገዛችን በፊት፣ እዚያ ምን ጥያቄ እንደገጠመው እንጠይቀው። ተማሪዎቼን ደግሞ የምለምናችሁ፣ ከሌላ ሰው የቀዳችሁት ኮድ በሠራ ጊዜ ብቻ አትደሰቱ፤ መኪናው ወደ ድሮ ቀለሙ ሲመለስ ለምን እንደሆነ ሳታውቁ አትተኙ።