ከጡት ጫፍ ስለሚወጣ ፈሳሽ



ይህን ርእስ ስንመርጥ «ነውር አይደለምን?» ያሉን አሉ። ለእኛ ግን ነውሩ በውስጥ ልብሷ ላይ የደም ጠብታ ያየች እኅታችን አፍራ ዝም እንድትል ማድረጋችን ነው።

አብዛኛው ፈሳሽ ክፉ አይደለም። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ሴት ወተት ቢወጣት፣ ጡት ካስጣለችም በኋላ ለወራት ጥቂት ቢቀጥል የተፈጥሮ ነው። ሲጨመቅ ብቻ ከሁለቱም ጡቶች የሚወጣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽም ብዙ ጊዜ አያሰጋም። (መጭመቁ ግን ፈሳሹን ያበዛዋልና ይቅር።) ሳታረግዝና ሳታጠባ ወተት የሚወጣት ግን፣ ይልቁንም የወር አበባዋ ከቀረ ወይም ዓይኗ ከደከመ፣ ሐኪም ትጠይቅ። ምክንያቱ የምትወስደው መድኃኒት ወይም ከአንጎል ሥር ባለችው ዕጢ ላይ የበቀለ እባጭ ሊሆን ይችላል።

ሳይነካ፣ ካንድ ጡት ብቻ፣ ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ ቀጠሮ አይሰጠውም። እባጭ ቢዳሰስ፣ ቆዳው ቢጨማደድ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ቢገባም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ብዙውን ጊዜ በወተት ቧንቧ ውስጥ የበቀለች ጉዳት የሌላት ሥጋ ሆና ትገኛለች፤ ነገር ግን ያለ ምርመራ ከካንሰር አትለይም። በአገራችን ሴቶች ከካንሰር ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከዘገየ በኋላ ነው።

ወንዶች፣ አትሳቁ፤ ከወንድ ጡት የሚወጣ ማናቸውም ፈሳሽ መታየት አለበት።

የካቲት 12 ሆስፒታል እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው፤ ጥቁር አንበሳም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ነው። ለማኪያቶ ፒያሳ ድረስ የምንወርድ ሰዎች ርቀቱን ማመካኘት አንችልም። ሐኪሙ በመጀመሪያ ይጠይቃል፣ ይዳስሳል፤ ካስፈለገም አልትራሳውንድ ያዝዛል። ብቻዋን መሄድ የምትፈራ ካለች ከማኅበራችን ሴቶች አንዷ አብራት ትሄዳለች፤ ስሟም አይመዘገብም።