ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ የሚፈጠሩ ሜተዶች



ዛሬ የምናገረው አንድ ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ለራሱ አዲስ ሜተድ ስለሚፈጥርበት ስልት ነው። ምሳሌዬን የምወስደው ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ካቀረበው ከሩቢ ቋንቋ ነው። በሩቢ ክላስ የተዘጋ መዝገብ አይደለም። ራሱም ኦብጀክት ነውና ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ እንኳ ሜተድ ይጨመርበታል።

«ትዕዛዝ» የሚባል የአንድ ሱቅ ክላስ እናስብ። ተከፍሏል? ተልኳል? ተሰርዟል? እያልን እንጠይቀዋለን። ሜተዶቹ ከስማቸው በቀር አንድ ናቸው፤ ትዕዛዙ ያለበትን ሁኔታ ከአንድ ቃል ጋር ያነጻጽራሉ። ስለዚህ ቃላቱን በዝርዝር አስቀምጠን ለእያንዳንዱ «ዲፋይን ሜተድ»ን እንጠራለን። እርሱም ስምና ብሎክ ተቀብሎ ሜተዱን ይፈጥራል። ብሎኩ በተጻፈበት ስፍራ የነበሩትን ቫሪያብሎች ይዞ ስለሚቆይ እያንዳንዱ ሜተድ የራሱን ቃል አይረሳም። (ሩቢ የሜተድ ስም በፊደላችን እንዲጻፍ፣ በጥያቄ ምልክትም እንዲያበቃ ይፈቅዳል፤ ሞክሩት።)

ሁለተኛው መንገድ «ሜተድ ሚሲንግ» ነው። ኦብጀክቱ በማያውቀው ስም ሲጠራ ጥሪው ወደዚህ ይመጣል፤ ስሙ ተተንትኖ መልስ ይሰጣል። ሬይልስ ቀድሞ «በስምና በከተማ ፈልግ» የመሰሉ፣ ማንም ያልጻፋቸውን ጥሪዎች ያስተናግድ የነበረው በዚህ ነው። መንገዱ ያምራል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በ«ዲፋይን ሜተድ» የተፈጠረ ሜተድ በክላሱ መዝገብ ውስጥ ይገኛል፤ ኦብጀክቱ «ይህን ታውቃለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎን» ይላል። በሁለተኛው መንገድ ግን ፕሮግራመሩ «ሪስፖንድ ቱ ሚሲንግ»ንም ካልጻፈ፣ ኦብጀክቱ አላውቅም ያለውን ነገር ሲጠራ ይሠራዋል። ከዚህ የባሰው የፊደል ግድፈት ነው። የማይመለከተውን ስም ወደ ወላጅ ክላሱ ካላሳለፈ፣ የተሳሳተው ጥሪ ባዶ መልስ ይዞ ያልፋል፤ ችግሩም ከምንጩ ርቆ ይገለጣል።

የመጀመሪያውም ዕዳ አለበት። ስሙ ከቁርጥራጭ የተሰፋ ከሆነ፣ ኮዱን የተረከበው ሰው በፋይሎቹ ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም። ለሦስት ሁኔታዎች ብቻ ቢሆን በእጄ እጽፋቸው ነበር፤ ለሠላሳ ግን አልጽፍም።

እጅግ የሚያሰጋኝ ዝርዝሩ ከውጭ፣ ለምሳሌ ከዳታቤዝ ዓምዶች ስም ሲመጣ ነው። «ሀሽ» የሚባል ዓምድ ቢኖር፣ ሩቢ ኦብጀክቶችን በመዝገበ ቁልፍ ለማኖር የሚጠቀምበት የተወረሰ ሜተድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሸፈናል። ስለዚህ ከመፍጠራችሁ አስቀድሞ ክላሱን «ሜተድ ዲፋይንድ» ብላችሁ ጠይቁት፤ የተወረሱትንም ጨምሮ ይነግራችኋል። የግል ሜተዶችን ግን አይቆጥርም፤ ለእነርሱ «ፕራይቬት ሜተድ ዲፋይንድ» የሚባል ሌላ ጥያቄ አለ።