ዜናውን ትቶ ልምምድ የሚሄደው ሪፖርተር

ተዋናዩ ፓትሪክ ስቱዋርት በ1940 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዮርክሺር፣ ሚርፊልድ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአካባቢው ጋዜጣ ሪፖርተር ሆነ። ልቡ ግን አማተር ቲያትር ላይ ነበር። ስብሰባ ዘግብ ተብሎ ሲላክ ልምምድ ይሄዳል፤ ወሬውን ከሌሎች ይለቃቅማል፤ ሲብስም ከራሱ ይፈጥራል። የእኛን የጋዜጠኞችን ሙያ እንዲህ መጫወቻ ማድረጉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያስመሰግነውም። አለቃው ነቃበትና ከጋዜጣውና ከቲያትሩ አንዱን እንዲመርጥ ነገረው። እሱም ሥራውን ለቀቀ።

ለጥቂት ጊዜ የቤት ዕቃ ሸጠ። በ1957 ደግሞ በብሪስቶል ኦልድ ቪክ የቲያትር ትምህርት ቤት ገባ፤ ወጪውን የሸፈነለት የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ያ ድጎማ ባይኖር የድሃ ልጅ እዚያ ደጃፍ አይደርስም ነበር። ገና በ19 ዓመቱ ፀጉሩ አለቀ፤ ለወጣት ተዋናይ ቀላል ነገር አይደለም። በ1966 ሮያል ሼክስፒር ኩባንያን ተቀላቅሎ ዓመታት በመድረክ አሳለፈ። በ1976 በቢቢሲው «እኔ፣ ክላውዲየስ» ተከታታይ ድራማ ሴጃነስን ሆኖ ተጫወተ። ዓለም ያወቀው ግን በ1987 መጫወት በጀመረበት የ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ድራማ ነው፤ ያኔ 47 ዓመቱ ነበር።