የልጆች ጀርባ ጥቂት ሲጣመም
(በኩታበር ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቱ ቀኝ ትከሻ ከግራው ከፍ ብሎ ነበር። እናቲቱ እንባ እየተናነቃት፥ «ወንድሜ፥ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጀሪካን ያሸከምኳት እኔ ነኝ» አለችኝ። ጎረቤቶች፥ ወጌሻ ዘንድ ወስደሽ አሳሺያት ብለዋታል። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ዕለት ለእርስዋ የነገርኳትን ነው።

ከባድ ሸክም የልጅን ጀርባ ያሳምማል፤ አከርካሪን ወደ ጎን የሚያጣምመው ግን እርሱ አይደለም። ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ የሚሉት ይህ መጣመም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በውል አይታወቅም፤ በአንድ ቤተሰብ ግን ሲደጋገም ይታያል። እርግማን አይደለም፤ የወላጅ ጥፋትም አይደለም። በዓለም ላይ ለአቅመ አዳምና ሔዋን በሚደርሱበት ዕድሜ ካሉ ልጆች ከመቶ 2 ወይም 3 ያህሉ አለባቸው።

በራጅ ተለክቶ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል። ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ክትትል ብቻ ነው። ብዙዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ የአንዳንዶቹም በራሱ ይቀንሳል። ከ3 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት የሚታየውም፥ የአጥንት አፈጣጠር ጉድለት ከሌለበት፥ አብዛኛው ከዕድገት ጋር ይቃናል።

የሚያሰጋው ልጅ በፍጥነት የሚመዘዝበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የ11 ዓመት ልጅ 18 ዲግሪና የ17 ዓመት ልጅ 18 ዲግሪ አንድ አይደለም። የሚብሰውም ይበልጥ በሴቶች ልጆች ነው። ዕድገት ሲያበቃ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነው እምብዛም አይጨምርም።

እንግዲህ መጠበቅ ማለት መርሳት አይደለም። ልጁ እግሩን ገጥሞ፥ ጉልበቱን ሳያጥፍ፥ መዳፎቹን አጋጥሞ ወደ ፊት ያጎንብስ። ከኋላ ስታዩት አንዱ የጎድን ወገን ከፍ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በየ4 እስከ 6 ወሩ ይታይ። ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ለደረሱት የጀርባ መደገፊያ ይረዳል፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት መደገፊያ ካደረጉት ከመቶ 72ቱ፥ ካላደረጉት ደግሞ 48ቱ፥ 50 ዲግሪ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። በጀርባ መካከል ሹል ጉብታ፥ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፥ ትኩሳት ወይም የእግር መዛል ካለ የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም! መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ጀርባ ማሸትና መጫን ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ዶክተር ሪክ ሆድስ ከአዲስ አበባ እስከ ጋና ድረስ ለቀዶ ሕክምና ከላኳቸው ልጆች መካከል በነቀርሳ ምክንያት የጎበጡ ይገኛሉ።

ያች ልጅ ደሴ ሄዳ ራጅ ተነሣች፤ 14 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ወር በኋላም ያው 14 ነበር። ወጌሻ አልነካትም፤ ትምህርቷንም አላቋረጠችም። እናቷ ዛሬም በየቀጠሮው ታመጣታለች፤ አሁን ግን አታለቅስም።

እናንተም በየቤታችሁ ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ አጎንብሳችሁ እዩ።