አንዱን በብዙ ቍጥር መናገር በእንግሊዝኛ



እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው የቋንቋው ባለቤቶች ሲነጋገሩ ባዳመጠ ጊዜ እንግዳ ነገር ይሰማል። «ሰምዋን ሌፍት ዜር ቡክ» ይላሉ፤ ቃል በቃል ሲፈታ «አንድ ሰው የእነርሱን መጽሐፍ ትቶ ሄደ» ማለት ነው። ባለቤቱ ነጠላ ሲሆን አገናዛቢው ብዙ ነው። ይህን በተማሪ ደብተር ላይ ያየ መምህር ቀዩን ቀለም ያነሣል፤ እኔ ግን አይገባም እላለሁ።

መጽሐፉን የተወው ወንድ ይሁን ሴት አልታወቀም፤ እንግሊዝኛም ለሩቅ ነጠላ ሰው «ሂ» ወይም «ሺ» ብሎ መለየት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ተናጋሪው ወደ ብዙ ቍጥር ይሸሻል። ይህም የዛሬ ወጣቶች ስንፍና ያመጣው አይደለም፤ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። በ1850 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የብሪታንያ ፓርላማ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ የወንዱ አነጋገር ሴቲቱንም ይጨምራል ብሎ ደነገገ፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን አነጋገር አልተወም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የ«ዩ» ታሪክ ነው። ቀድሞ ለአንድ ሰው «ዛው»፥ ለብዙዎች «ዩ» ይባል ነበር። በኋላ ታላቁን ሰው ለማክበር በብዙ ቍጥር መጥራት ተለመደ፤ ክብሩም ለትንሽ ለትልቁ ተዳረሰና «ዛው» ከተራው ንግግር ወጣ። በ1660 የኩዌከሮች መሪ ጆርጅ ፎክስ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን የሚነቅፍ መጽሐፍ አሳተመ፤ አርእስቱም መምህራን ነጠላና ብዙን እንዲማሩበት የተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል! ለምስክርነት ከጠሯቸው ቋንቋዎች አንዱ የእኛው ግእዝ ነበረ። ግእዝ «አንተ»ን ከ«አንትሙ» አያደባልቅምና ምስክርነቱ እውነት ነበረ፤ ሰሚ ግን አልተገኘም። ዛሬ ሕፃኑም ቢሆን «ዩ አር» ይባላል፤ «አር» የብዙ ግሥ መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

አማርኛ በዚህ ነገር ከግእዝ ተለይቷል። «አባታችን መጡ» ስንልና «እንግዶቹ መጡ» ስንል ግሡ በምን ይለያል? «እርስዎ መጡ» ቢባልም ያው ነው። (አባቱን «አንተ» የሚል ቤት መኖሩን አልዘነጋሁም።)

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ይህን የአክብሮት ልማድ ይዞ ይሻገርና «ማይ ፋዘር አር ከሚንግ» ብሎ ቢጽፍ መታረም አለበት፤ እንግሊዝኛ በዚህ ስፍራ አንቱታ አያውቅምና። ሁለቱ ስሕተቶች በቀይ ቀለም ፊት አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በፊተኛው ሰውየው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም፥ በኋለኛው አባት ታውቆ ሳለ በብዙ ቍጥር ተነገረ። ስለዚህ ፊተኛው ስሕተት መባሉ ራሱ ስሕተት ነው። ከመሠረዝ በፊት «የምትናገርለት ሰው ማን ነው?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ነገሩን ይለየዋል። ጠንቃቃ መርማሪ የሚፈራ ተማሪም ቢኖር፥ ከ«ሰምዋን» ይልቅ ባለቤቱን ራሱን «ፒፕል» ብሎ ወደ ብዙ ይመልሰው፤ ያን ጊዜ ከክርክሩ ይድናል።