ውሃና በሩ፦ በኮላ ድባ ለቀድሞ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ጠዋት ጎንደር ላይ የአፄ ፋሲልን መዋኛ አብረን አይተናል። አብዛኞቻችን የምናውቀው በጥምቀት፣ ሞልቶ ወጣቱ ሲዘልበት ነው። ዛሬ ባዶውን ስላገኘነው የውሃውን መንገድ ማየት ቻልን። ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይገባል፤ ለበዓሉ ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይለቀቃል፤ ከዚያ ገንዳው ደርቆ ይከርማል። አስጎብኚያችን ስለ ግንቡ ሲያስረዳ እኔ ዓይኔ ቦዩ ላይ ቀረ። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ሐኪም የቆመ ውሃ ሲያይ የሚታየው ትንኝ ነው! አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡ ናቸው። ከዚያ ዘመን የወረስነው ይህ ገንዳ መግቢያና መውጫ አለው፤ የሚሞላበትና የሚደርቅበት ጊዜም አለው።

ከዚያ ወደ ደንቢያ ሜዳ ወረድን። እዚህ ውሃው በር የለውም። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ይፈሳሉ፣ ዋልካው ውሃ ቶሎ አያሰርግም፤ መስከረም ሲጠባ ሜዳው በየቦታው አቁሮ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚሁ በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮላ ድባም የተማሪዎች መሠልጠኛ ሆነች። ጤና መኮንን፣ የሕብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው የሠለጠኑት ወደ ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ወደ ውሃውም እንዲሄዱ ነበር። የእኛ ቲቲፒ እኮ ከዚያ የመጣ ነው።

የፓናማን ቦይ አስቡ። ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1889 ሥራውን ሲያቆሙ፣ በአብዛኛው በቢጫ ወባና በወባ የሞተው ሠራተኛ 20,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ቀጥለው የገቡት አሜሪካኖች ቁፋሮውን ከትንኝ መከላከል ጋር አስኬዱት፦ ኩሬ አደረቁ፣ ውሃ ማጠራቀሚያ ከደኑ። መርከብ ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚያሳልፉት ታላላቅ የውሃ በሮች በ1914 ለሥራ የበቁት እንዲህ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለደንቢያ ስለሚያስፈልግ ነው። በመገጭ ላይ ለዓመታት ሲሠራ የቆየው ግድብ ለጎንደር የመጠጥ ውሃ፣ ለዚህ ሜዳ ደግሞ መስኖ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ገበሬው በበጋ ሽንኩርት ሲያመርት ደስ ይለኛል፤ መስኖ ይቅር የሚል ሐኪምም አይኖርም። ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውን የትግራይ ጥናት እናስታውስ፦ በትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይታመሙ ነበር። ግድቡ አጠገብ ያለ ልጅ ምርቱን ሳይበላ ንዳዱን ቀመሰ ማለት ነው።

መላ አለው። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ፣ እንደ ሙቀቱ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ውሃ ውስጥ ትቆያለች። ቦዩ በየሳምንቱ ተዘግቶ በደንብ ከደረቀ፣ ጎድጓዳውም ከተደለደለ፣ እጩ ይሞታል። አጎበሩና ርጭቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው የሚዘጋ በርና ቀን ጠብቆ የሚዘጋው ሰው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለቲቲፒ ወደ ደንቢያ የሚወጡ ተማሪዎች ጤና ጣቢያው ብቻ አይቅሩ። ከገበሬዎቹና ከውሃ አባቶች ጋር ቁጭ ይበሉ፤ የውሃው ተራ ሲወጣ የማድረቂያው ቀን አብሮ ይውጣ። መስኖ ቢሮውም ገና ቦዩ ሲነደፍ የጤና ሰው ይጥራ። ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ በር ማስገባት ውድ ነው፤ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ደግሞ የምንሮጠው እኛው ነን።

ከመካከላችን በመስኖ፣ በግብርናና በጤና ቢሮ የምትሠሩ አላችሁ። ከምሳ በኋላ እንነጋገርበት፤ እኔ የመጀመሪያውን ስብሰባ ለማስተባበር ዝግጁ ነኝ።